የጋሽ እርሳስ ቀጥ ያለ መስመር

ጋሽ እርሳስን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ከቀኝ ጆሯቸው ላይ በማትጠፋው እርሳስ ነው። እኔ ግን ያወቅኋቸው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከአሥር ሁለት ሲሰጡኝ ነው። ሁለቷንም ቢሆን «ስምሽን አስተካክለሽ ስለጻፍሽ» ብለው ነው የሰጡኝ። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ነበሩ ስል ደግሞ የሞቱ እንዳይመስላችሁ፤ አሉ፣ ቤታቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ደግም ናቸው። ግን ነገሩ በዚያ አያልቅም።

ያኔ የሂሳብ አስተማሪያችን ነበሩ። በአንድ ክፍል ሰባ ሁለት ነበርን፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነን ታጭቀን። መስመራዊ ግራፍ ሲያስተምሩን መጽሐፍ ግለጡ አላሉንም። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ፍሬ ባቄላ ሰጡን፣ ከቤት ጣሳ አምጡ አሉን፣ ጣሳውን በመስኮቱ ሥር አስደረደሩን። ጠዋት ጠዋት ማስመሪያ ይዘን ቡቃያውን እንለካና ባለካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ እንጥላለን። አግድም የሚሄደው ቀን ነው፤ ሽቅብ የሚወጣው ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ነጥብን ከነጥብ ማያያዝ ነው። ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ግራፉን እንደ ወሬ ያወራል።

«ሰኞ በቀለ፣ ማክሰኞ አደገ። ረቡዕ ምን ነካው? ለምን ቁልቁል ወረደ?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ፍየል በላው» ይላል አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሳቸው አይስቁም።

«ጥሩ። ፍየሏንም ከጎኑ ጻፋት» ይላሉ።

እኔ ከድሮም ችኩል ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ግራፌ መሃሉ ላይ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ አስጠላኝ። ለሁለቱም ቀን የመሰለኝን ነጥብ ጣልኩበትና አምሮልኝ ይዤ ቀረብኩ።

«ቅዳሜ መጥተሽ ነበር?» አሉኝ።

«አልመጣሁም።»

«እሑድስ?»

«አልመጣሁም።»

«ታዲያ ባቄላው ቤትሽ ድረስ መጥቶ ነገረሽ?»

ሰባ አንዱም ልጅ ሳቀብኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ያን ቀን ለምን እንዳለቀስኩ ብትጠይቀኝ አልነገርኳትም።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሰባ ሰባ ልጅ ላይ ሲጮኹ ኖረው ጉሮሯቸው ተበላሸ። ሐኪም የበቀለባቸውን ነገር ቆርጦ አወጣው፤ ድምፃቸውንም አብሮ አወጣው ማለት ይቻላል። የቀረቻቸው ሹክሹክታ ናት። ድምፅ የሌለው አስተማሪ ምን ይሠራል? ቢሮ ለቢሮ ሲያመላልሷቸው ከርመው እኔ የምሠራበት ጤና ጣቢያ የክትባት ማከማቻ ክፍል ጠባቂ አድርገው ላኳቸው። እኔ ያኔ ስምንት ዓመት የሠራሁ ከታቢ ነኝ። በሩ ላይ ሳያቸው ክው አልኩ። «ከአሥር ሁለት!» አሉኝ በሹክሹክታ። አልረሱኝም፤ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም።

ሰውየው ያለ ግራፍ መኖር አይችሉም። የሚኖሩበት ግቢ ቧንቧ ውሃ የሚመጣው ደስ ባለው ቀን ነው። እሳቸው ታዲያ ውሃው የመጣበትን ቀንና የቆየበትን ሰዓት ዓመት ሙሉ በግራፍ አስፍረው በራቸው ላይ ለጥፈውታል። ጎረቤት ልብስ ከመዘፍዘፉ በፊት መጥቶ ያማክራቸዋል። «ጋሼ፣ ነገ ብርድ ልብሱን ልንከረው?» ስትላቸው አንዷ፣ «ተዪው፤ መስመሩ ቁልቁል ጀምሯል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደግሞ ይሠራል! ያን ሳምንት ውሃ የሚባል አልመጣም።

ወደ ፍሪጁ ልምጣ። የክትባቱ ፍሪጅ በር ላይ በየወሩ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። አግድም የወሩ ቀናት ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀን ጠዋትና ከሰዓት ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ሽቅብ ዲግሪው ነው። ሁለት ዲግሪ ላይ አንድ ቀይ መስመር፣ ስምንት ላይ ሌላ ቀይ መስመር አለ፤ ክትባቱ ውሎ ማደር ያለበት በነዚያ መሃል ነው። ጠባቂው በቀን ሁለቴ ቴርሞሜትሩን አንብቦ ነጥብ ይጥላል፣ ያያይዛል። ሙቀት ክትባት እንደሚያበላሽ ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቅዝቃዜም እንደሚገድለው ነው። በተለይ ለጨቅላዎቹ የምንሰጠው፣ ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት፣ አንዴ በረዶ ከነካው በኋላ ቢሟሟም ዋጋ የለውም። መልኩ ያው ነው። የምንወጋው ግን ውሃ ነው።

ጋሽ እርሳስ የመጀመሪያዎቹን ወራት መስመራቸው ሽቅብ ቁልቁል ሲል ነው የከረመው። ሰኞ ክትባት የምንሰጥበት ቀን ስለሆነ እኔ ራሴ በሩን ሃያ ጊዜ እከፍተዋለሁ፤ ከሰዓት ላይ ሰባት ዲግሪ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ዘጠኝም አሥርም ደርሶ ያውቃል። እሳቸው ሁሉንም ያሰፍራሉ፤ ከጎኑም በደቃቅ ጽሕፈታቸው «መብራት ሄዶ፣ ሦስት ሰዓት ቆይቶ» ብለው ይጽፋሉ። ያን ወረቀት ያየ ሰው ፍሪጁ ወሩን እንዴት እንዳሳለፈ አንድ ሳይቀር ማውራት ይችላል።

ከበላይ ቢሮ የምትመጣ ተቆጣጣሪ አለችን። ነገር ሁሉ «ለምንድነው?» ስለምትል ወይዘሮ ለምንድነው ነው የምንላት። ወረቀቱን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ይሄ ምንድነው? ተራራ ነው የሣሉት?»

ጋሽ እርሳስ አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው ሊያስረዷት ሞከሩ። «ሰኞ የክትባት ቀን ነው፣ በሩ…»

«ምን? ጮክ ይበሉ እንጂ አባት! የወዲያኛው ጣቢያ መስመር ክር ነው የሚመስለው። እዚህ ለምንድነው እንደዚህ የሚዘለው? ሰው ነው ወይስ ፍሪጁ የማይሠራው?»

ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣላቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ለአፏ ለከት የላትም የምባለው ሴት፣ «በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ይዝለል እንጂ ምን ይሁን?» ብል ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ብዬ ጓንቴን ሳጠልቅ ሳወልቅ ቆየሁ።

በቀጣዩ ወር መስመሩ ተገራ። አራት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት። ሰኞም አራት፣ መብራት በጠፋበት ቀንም አምስት። በሦስተኛው ወር ወይዘሮ ለምንድነው የምስጋና ወረቀት ይዛ መጣች፤ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ ፍሪጁ ራስጌ ግድግዳው ላይ አሰቀለችው።

«ጋሼ፣ ገሩት አይደል ፍሪጁን?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። ማንም ባያውቅ እኔ አውቃለሁ፤ ሰኞ ከሰዓት አራት ዲግሪ እንደማይሆን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀለድኩና አለፍኩት። እንዲያውም እፎይ አልኩ፤ ጭቅጭቁ ቀረልን።

ቅዳሜና እሑድም መለካት አለበት። ዘበኛችን ደግ ሰው ነው፣ ቁጥር ግን አይለይም። ስለዚህ ጋሽ እርሳስ አንድ ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው እየመጡ ያነቡ ነበር። አንድ ቀን ባለቤታቸው ምሳ ስታቀርብ ወደቀች፤ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆነ። አልወለዱም። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠች ገላዋ ይቆስላል። በሥራ ቀን ጎረቤት ያግዛቸዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሁሉም በየጉዳዩ ስለሚበተን ከእሳቸው በቀር ማንም የለም። ታዲያ ምን ያድርጉ? ዓርብ ከሰዓት ከመውጣታቸው በፊት የቅዳሜንም የእሑድንም አራት ነጥብ ጥለው መሄድ ጀመሩ። አንድ ዓርብ አየኋቸው። እርሳሷ እሑድ ላይ ናት። ቦርሳዬን አንስቼ «ደህና ይዋሉ» ብዬ ወጣሁ።

እንዲህ ስድስት ወር ሄደ።

አንድ ዓርብ የድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በየመንገዱ እየዞረች፣ ሽቦ ሊቀየር ነውና ቅዳሜና እሑድ ሙሉ መብራት የለም ብላ ለፈፈች። ጋሽ እርሳስ ተጨነቁ። ሁለት ቀን ያለ መብራት ፍሪጁ ይሞቃል። አሰቡና የቅዝቃዜውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አዞሩት፤ መብራቱ እስኪሄድ ድረስ ብርዱን አጠራቅሞ ይቆይ ብለው። ስንቅ መቋጠራቸው ነው። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አራቷን ነጥብ ጣሉ። አራት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት። በሩን ቆልፈው ወደ ሚስታቸው ሄዱ።

መብራቱ አልሄደም። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ቅዳሜና እሑድ ብልጭ ድርግም ሳይል የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፍሪጁ ሁለት ቀን ከሦስት ሌሊት ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያቀዘቅዝ ከረመ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደርሰው ያዩትን ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሦስት ይላል። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ወረቀቱ ፊት ቆሙ። የእሑድ ከሰዓት ነጥብ አራት ላይ ተቀምጣለች። ሰኞን ከዜሮ በታች ቢያወርዱት መስመሩ በአንድ ሌሊት ሰባት ዲግሪ ገደል ይገባል። ያየ ሁሉ ለምን ይላል። የእሑዷ ነጥብ ትጋለጣለች፣ ከዚያ ያለፈው እሑድ፣ ከዚያ ስድስቱም ወር። «ልጄ፣ ያቺ የእሑድ ነጥብ እጄን ይዛ ጎተተችኝ» ነው ያሉኝ። የሰኞን ጠዋት አራት ላይ ጣሉ። ማስተካከያውን ወደ ቦታው መለሱ፣ በሩን ለአንድ ሰዓት ከፍተው አሞቁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ስገባ ፍሪጁ እውነትም አራት ዲግሪ ነበር።

ያን ቀን ሃያ ስድስት ጨቅላ ወጋሁ። ሃያ ስድስት ጭን፣ ሃያ ስድስት ለቅሶ። ሃያ ስድስት ካርድ ላይ ፈረምኩ። እናቶቹን «አይዟችሁ፣ ማታ ትንሽ ቢያተኩሰው ነው» እያልኩ ሸኘሁ። ስጨርስ የተረፈውን ልመልስ ፍሪጁን ከፈትኩ፤ ከኋላ ጥግ የተረሳች አንዲት ብልቃጥ ነበረች። አነሳኋት። ውስጧ የበረዶ ስንጥር አለ።

ከጠረጴዛው ላይ ያጋመስኩትን ብልቃጥ አንስቼ ነቀነቅኩና አስቀመጥኩት። ደህና ክትባት ተነቅንቆ ሲቀመጥ ጉም መስሎ ይቆያል። ይሄኛው እንደተበላሸ ወተት ፍርፍር ብሎ ወዲያው ዘቀጠ። ቀና ብዬ ወረቀቱን አየሁት። አራት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ አራት። በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

ጋሽ እርሳስ ጥግ ላይ ካርቶን እየቆጠሩ ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ መጥተው ነበር?»

የያዙትን ካርቶን አስቀመጡ።

«እሑድስ? ወይስ ፍሪጁ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ነገረዎት?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ብልቃጧን አሳየኋቸው። ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገሩኝ፣ በዚያች በማትሰማ ድምፃቸው፤ ጆሮዬን አፋቸው ላይ ደቅኜ።

«ጡረታዬ አሥራ አንድ ወር ነው የቀረው» አሉኝ። «ዛሬ ቢያባርሩኝ ያቺን ሴት ማን ያስታምማታል?»

«ሃያ ስድስቱንስ ማን ያስታምማቸው?» አልኩ። «በአምስት በሽታ ፊት ባዶ እጃቸውን ነው የሸኘሁልህ! እኔ ነኝ የወጋኋቸው፣ እኔ! በዚህ እጄ! አንተ ሰው አይደለህም?»

አንተ አልኳቸው። ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝን፣ የአባቴ እኩያ የሆኑትን ሰው። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ «እውነትሽን ነው» ብቻ አሉ። እስከ ነገ ጠዋት ራስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ ብዬ በሩን በላያቸው ወርውሬ ወጣሁ።

እስከ ነገ አልጠበቁም። ላጲስ አወጡ። የሰኞዋን ነጥብ አጥፍተው ከዜሮ በታች ሦስት ላይ አወረዷት፤ ቅዳሜና እሑድን ባዶ አደረጓቸው። በዚያም አላበቁ፤ የስድስቱን ወር ወረቀት ከፋይል አውጥተው ያልለኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፉ። ወረቀቱ ቀዳዳ ብቻ ሆነ። ይዘውት ኃላፊያችን ቢሮ ገቡ። ኃላፊያችን ልጅ ነው፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ፤ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ አሉ። ወይዘሮ ለምንድነው በስልክ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ጋሽ እርሳስ ግን በማግስቱ ከሥራ ታገዱ። የምስጋናውን ወረቀት ማን እንዳወረደው እንጃ፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

አዲስ ክትባት ሐሙስ እንደሚደርስ ተነገረን። ኃላፊያችን በድምፅ ማጉያ አይለፈፍ አለ። «መርፌው ውሃ ነበር ተብሎ ከተወራ ከእንግዲህ አንዲት እናት እዚህ ደጅ አትረግጥም» አለ። አልተሳሳተም። ስለዚህ ሃያ ስድስቱን ቤት ለቤት ዞረን፣ በዝግታ አስረድተን ማምጣት ነው። ጋሽ እርሳስ ቢታገዱም እኔም እዞራለሁ ብለው መጡ።

«ልጄ፣ አብረን እንሂድ» አሉኝ ደጃፉ ላይ። «አንቺ ተናገሪ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ።»

ንዴቴ አልበረደም ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አላየሁም፤ የሕፃናቱ ጭን ነው የሚታየኝ። «እኔ ምን ቤት ነኝ?» አልኳቸው። «ያጠፉት እርስዎ፣ የሚዞሩት እርስዎ። አሥራ ሦስቱን እኔ፣ አሥራ ሦስቱን እርስዎ።» ዝርዝሩን መሃል ለመሃል ቀድጄ ግማሹን በእጃቸው አስጨበጥኳቸው። ድምፅ የሌላቸው ሰው በሰው ደጅ ቆመው እንዴት አድርገው እንደሚያስረዱ አላሰብኩም ብል ውሸቴን ነው። አስቤዋለሁ። ይቅመሱት ነው ያልኩት።

እኔ ሁለት ቀን ዞርኩ። አንዳንዷ ሰደበችኝ፣ አንዷ በሩን ዘጋችብኝ፤ ግን አፍ አለኝ፣ በመስኮትም እጮኻለሁ። ሐሙስ አሥራ ሦስቱም መጡ። የእሳቸውን ስቆጥር አሥራ ሁለት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ በሹክሹክታ አሥራ ሁለት እናት! አንዷ ብቻ ቀረች። ወረቀታቸው ላይ ከስሟ ጎን «ሄጃለሁ፤ አልሆነልኝም» ብለው ጽፈዋል።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው።

«አልተግባባንም» አሉ። መሬት መሬት እያዩ፣ «አንቺ ብትሄጂ ትሰማሻለች» አሉኝ።

«እሺ፣ ነገ» አልኩ።

ቤቷ ከኔ ቤት ሃያ ደቂቃ ነው። በማግስቱ የወሩ ሪፖርት ነበረብኝ። ቅዳሜ ልብስ አጠብኩ። እሑድ ደከመኝ። ሰኞ ክትባት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ለሁለተኛው ዙር ራሷ ትመጣ የለም እንዴ፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል ሦስት ሳምንት ሄደ። ጋሽ እርሳስ በዚያ መሃል ሁለቴ መልእክት ልከውብኛል። ሁለቴም «ነገ ብላለች በሏቸው» አልኩ።

በአራተኛው ሳምንት ከትልቁ ሆስፒታል ለኃላፊያችን ስልክ ተደወለ። ትክትክ ነው። የአሥር ሳምንት ወንድ ልጅ፤ ለሁለተኛው ዙር ቀጠሮው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሳሉ ጀመረው፣ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ የእናንተ ጣቢያ ነው አሉ። የእናቱን ስም ሲነግሩን አወቅኳት፤ ከጋሽ እርሳስ ዝርዝር የቀረችው አሥራ ሦስተኛዋ።

ያቺ አንድ መርፌ ደህና ሆና ብትወጋ ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ሐኪሙንም ጠይቄዋለሁ፤ «ማን ያውቃል፤ ይጠቅመው ነበር ይሆናል» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለውን መልስ ይዞ እንዴት ይተኛል?

ለቅሶ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። አንዲት ክፍል ናት፤ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ። ወፍጮው ሲሠራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው የሚነጋገረው በጆሮ ነው። እናትየው ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። አወቀችኝ። «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። የልጁን ካርድ ከጉያዋ አውጥታ አሳየችኝ።

«እኔ እኮ አስከትቤዋለሁ» አለችኝ። «ሐኪሞቹንም እያሳየኋቸው ነበር። አላስከተብሽውም ወይ ሲሉኝ ይኸው አልኳቸው። ያንቺ ፊርማ አይደል?»

ነው አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ልንገራት ብዬ ነበር የሄድኩት። ከየት ልጀምር እያልኩ ሳለ፣ «ከክትባቱ በኋላ ወደዚህ የመጣ ሰው አልነበረም?» የሚል ወጣኝ።

አሰበች። ወፍጮው እስኪያቆም ጠበቀችና፣

«ማንም አልመጣም» አለችኝ። «አንድ ሽማግሌ ብቻ ደጄ ላይ ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የላቸውም። ወፍጮውም ይጮሃል። ሦስቴ ምን አሉኝ አልኳቸው። አንገታቸው ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አለ። በኋላ ወረቀት አወጡና ዘረጉልኝ፤ ሽቅብ ቁልቁል የሚል መስመር ያለበት። በጣታቸው እያሳዩ ብዙ ለፉ፤ እኔ ደግሞ ማንበብ አልችል። የሐኪም ወረቀት ይዘው የሚለምኑ አሉ አይደል? የኔ ቢጤ መሰሉኝ። አሳዘኑኝና ዳቦ ሰጠኋቸው።»

«ተቀበሉሽ?»

«ተቀበሉኝ። መጀመሪያ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ኋላ ግን ጎንበስ ብለው ተቀበሉኝ። ልጁ አለቀሰብኝ፣ በሩን ዘጋሁት።»

አልነገርኳትም። ጉልበቷን ይዤ አለቀስኩ፤ ለልጇ የማለቅስ መሰላት፣ እሷም አቀፈችኝና «አይዞሽ» አለችኝ። እኔን! እንደምንም ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ጋሽ እርሳስ ቤት ሄድኩ። ሰምተዋል። ሚስታቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስገባ ተነሡልኝ፤ እኔ ማን ነኝና ነው የሚነሡልኝ!

«ለቅሶ ደረስሽ?» አሉኝ።

«ደረስኩ።»

ጆሮዬን አስጠጋሁላቸው። 

«ስለኔ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም» አልኳቸው። «መምጣትዎንም አታስታውስም።»

አመኑኝ ይሁን አላመኑኝ አላውቅም፤ መልሰው አልጠየቁኝም። የመገላበጫዋ ሰዓት ደርሶ ነበር። እሳቸው በትከሻዋ በኩል፣ እኔ በእግሯ በኩል ይዘን ሴትየዋን ወደ ግድግዳው አዞርናት፤ አንሶላዋን አስተካከልኩላትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።